«ርካሽ ጉልበት» የተባለውን ዕዳ የሚከፍለው ማነው?

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን



በሲያትል-ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደዚያ ብቅ ያለ ሰው በስሕተት አዲስ አበባ ወይም አስመራ የገባ ሊመስለው ይችላል። መኪና ውስጥ የሚያንቀላፋው፣ በፔርሙስ ሻይ የሚቀዳው፣ ስለ አገሩ ፖለቲካ የሚሟገተው አብዛኛው የእኛው ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ በአገር ቤት የፊዚክስ መምህር የነበረ ወዳጄ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋ ለነበረች የእኅቱ ልጅ በየወሩ 50 ዶላር ይልክላት ነበር። «ሥራ ይዛ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሥራ ስለያዘች እኮ ነው የምልክላት» አለኝ። «ሥራ ባትይዝ ኖሮ እናቷ ቤት ትበላ ነበር። ሥራ ስለያዘች የቤት ኪራይ መጣ፣ ምሳ መጣ፣ ጫማ መጣ።»

ይህን ሒሳብ እስቲ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ በዚያን ጊዜ የሐዋሳ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ይኸውም 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ወዳጄ የሚልከው 50 ዶላር ከዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ታዲያ የዚች ልጅ አሠሪ ማነው? ሸሚዟን ወስዶ የሚሸጠው ኩባንያ ነው፣ ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ሲታክ ላይ ጎማ የሚያስበላው አጎቷ?

እኔ መልሱን ለመናገር አልፈራም። ያንን ፋብሪካ ስንደጉም የኖርነው እኛ ነን። መንግሥት በየአገሩ እየዞረ «ርካሽ የሰው ኀይል አለን፣ ኑ!» እያለ ሲያስተዋውቅ፣ ርካሽነቱ የቆመው በስደተኛ ላብ፣ በገበሬ ወላጆች ጎተራና በልጆቹ ባዶ ሆድ ላይ መሆኑን በማስታወቂያው ላይ አልጻፈም። ርካሽ የሚባል ሠራተኛ በዓለም ላይ የለም። አንድ ሰው በሕይወት ውሎ ለማደር የሚያስፈልገው ወጪ የታወቀ ነው፤ አሠሪው ካልከፈለው ሌላ ሰው ይከፍለዋል። ክርክሩ ሁሉ «ያ ሌላ ሰው ማነው?» በሚለው ላይ መሆን ነበረበት።

ስለ አሜሪካው ልጀምር፤ እዚህ ያለው አሠሪ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቀዋልና። በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነበር። ነገር ግን አንድን ሰው በሕጋዊ ደመወዝተኝነት የቀጠረ ባለሱቅ ወጪው በዚህ አያበቃም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የደመወዙን 7.65 በመቶ ከራሱ ኪስ ይጨምራል፤ ይህ ብቻ በሰዓት 1 ዶላር ከ59 ሳንቲም ገደማ ነው። ለሥራ አጥነት መድን ይከፍላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በየሰዓቱ እየታሰበ ይከፍላል፤ ይህም እንደ ሥራው አደገኛነት ስለሚለያይ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ወንበር ላይ ከሚቀመጠው እጅግ ይወደዳል። የሕመም ፈቃድም አለ። ስለዚህ 20 ዶላር ተብሎ የተጻፈው ሠራተኛ ለአሠሪው 20 ዶላር አይደለም።

ይህን ሁሉ ወጪ በአንዲት ቃል የሚሰርዝ ጥበብ ደግሞ ተገኘ። ቃሉ «ተቋራጭ» ይባላል። ወዳጄ አሽከርካሪው በሕግ ፊት ሠራተኛ አይደለም፤ «ራሱን የቻለ ነጋዴ» ነው። ስለዚህ የአሠሪውም የሠራተኛውም ድርሻ ተደምሮ 15.3 በመቶ የሚሆነውን ግብር የሚከፍለው ራሱ ነው። ቤንዚኑ የራሱ፣ ኢንሹራንሱ የራሱ፣ ጎማውና ዘይቱ የራሱ፣ መኪናዋ ስታረጅም እርጅናዋ የራሱ። የሲያትል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 አሽከርካሪዎቹ ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ በአገሪቱ የመጀመሪያ ሆኖ ቢያወጣም፣ የንግድ ምክር ቤቱ ፍርድ ቤት ወስዶ አንገላታው። በ2022 ስቴቱ ያወጣው ሕግ ለአሽከርካሪዎች የማይልና የደቂቃ ዝቅተኛ ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድና የጉዳት ካሳ ሰጣቸው፤ በምትኩ ደግሞ «ሠራተኞች አይደሉም» የሚለውን አጸናባቸው፣ የከተሞችንም እጅ አሰረ። ድል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግማሽ ድል እለዋለሁ። መንገዱ ያው፣ ተሳፋሪው ያው፣ ድካሙ ያው ሆኖ፣ ሰውየው የተመዘገበበት መዝገብ ስለተለየ ብቻ ዋጋው ተለየ።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ሠራተኛውን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 አላስካ አየር መንገድ በዚሁ በሲያትል ወደ 500 የሚጠጉ በማኅበር የተደራጁ የሻንጣ ጫኞችን በአንድ ቀን አሰናብቶ ሥራውን ሜንዚስ ለተባለ ኮንትራክተር ሰጠ። ኮንትራክተሩ እጅግ ባነሰ ክፍያ አዲስ ሰው አስገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን ከሲያትል የተነሣ የአላስካ አውሮፕላን በ26,000 ጫማ ከፍታ ላይ ጎኑ ተበስቶ የውስጡ አየር አመለጠና ተመልሶ ለማረፍ ተገደደ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ አንድ የኮንትራክተሩ ሠራተኛ አውሮፕላኑን በሻንጣ መጎተቻ ገጭቶት ሳይናገር መቅረቱ ታወቀ። ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንን ሠራተኛ ለመውቀስ ግን ብዕሬ አይነሣም። ሥራውን ያጣ እንደሆነ ነገ በምን እንደሚያድር የማያውቅ ሰው «ጥፋት ሠራሁ» ብሎ ለአለቃው ለመናገር የሚያወጣው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

የዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ግን አንገታቸውን ደፍተው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሲታክ ከተማ ሕዝብ ለማረፊያው፣ ለሆቴሎቹና ለመኪና ማቆሚያዎቹ ሠራተኞች የሰዓት ክፍያው 15 ዶላር ይሁን በሚል ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። እኔም በኮንትራክተር ሥር በአንድ ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ነበርሁ። በየቤቱ ካንኳኩት መካከል አብላጫ ቁጥር የነበራቸው ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎች፣ አማሮች፣ ኤርትራውያን ነበሩ፤ በአገር ቤት ፖለቲካ አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡ ሰዎች በአንድ መኪና ተጭነው ወረቀት ሲበትኑ አይቻለሁ። 6,000 ገደማ ድምፅ ተሰጥቶ ያሸነፍነው በ77 ድምፅ ነው! አየር መንገዱና ሌሎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የካውንቲው ዳኛ ሕጉ ማረፊያው ግቢ ውስጥ አይሠራም ብለው ፈረዱ፤ በነሐሴ 2015 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ውሳኔውን ሽሮ ለሠራተኛው ፈረደ። በምርጫ 1997 ድምፁን ተነጥቆ የተሰደደ ሰው፣ 77 ድምፅ ብቻ ሕግ ሆኖ ሲጸና ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

«ክፍያው ሲጨምር ሥራ ይጠፋል» የሚሉ ወገኖች ማስረጃ የላቸውም አልልም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሲያትል ክፍያውን ስትጨምር አሠሪዎች ሰዓት በመቀነሳቸው ዝቅተኛ ተከፋዩ በአማካይ በወር 125 ዶላር እንዳጣ ጽፈው ነበር። በበርክሌይ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ሰሞን የምግብ ቤቶችን መዝገብ አይተው የጠፋ ሥራ አላገኘንም አሉ። የዋሽንግተኖቹ ራሳቸው በቀጣዩ ዓመት አስቀድመው ሥራ ላይ የነበሩት፣ በተለይም ልምድ ያላቸው፣ እንደተጠቀሙ አምነዋል። ጉዳቱ ያረፈው ገና ሥራ ፈላጊ በሆነው ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ በጥናት፣ በድምፅና በፍርድ ቤት ተካሄደ። ማንም አልታሰረም።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ።

የሐዋሳው ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ። ያ የጠቀስሁት ጥናት ሲወጣ 25,000 ገደማ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች። ጥናቱ የአገሮችን መነሻ ደመወዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፤ ባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326፣ ኢትዮጵያ 26። ከዓለም የመጨረሻዎቹ እኛ ሆንን። ባለሥልጣኖቻችን ይህን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ጌጥ አንጠለጠሉት።

የዚያች ልጅ 750 ብር እንኳ በሙሉ እጇ አልገባም። በ2008ቱ የገቢ ግብር ዐዋጅ መሠረት ከ600 ብር በላይ ያለው ሁሉ ግብር ይቆረጥበት ነበርና 15 ብር ለመንግሥት ከፈለች። 7 በመቶ ለጡረታ፣ 52 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ተቀነሰ። 682 ብር ከ50 ሳንቲም ቀረላት። እሷ 15 ብሯን ስትገብር፣ የቀጠራት ባለሀብት ለዓመታት የሚቆይ የገቢ ግብር እፎይታ ተሰጥቶት ነበር። ከግብር ነፃ የሚሆነው መነሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው።

አሠሪዎቹስ በዚህ ርካሽነት ተጠቀሙ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ዐይን የሚከፍተው። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ይተኩ እንደነበር ያው ጥናት ይናገራል። 1,000 ሰፊ ያለው ፋብሪካ በዓመት ውስጥ 1,000 አዲስ ሰው መመልመልና ማሠልጠን አለበት ማለት ነው። ልጅቷ እጇ ሲፈታ፣ ስፌቷ ሲያምር ትሄዳለች። ሌላዋ ትመጣለች፣ ጨርቅ ታበላሻለች፣ መርፌ ትሰብራለች፣ እሷም ትሄዳለች። አሠሪው ለደመወዝ ያልከፈለውን ለሥልጠና፣ ለብክነትና ለዘገየ ጭነት ከፈለው። ጥፋቱን ግን በእሱ ላይ ማንም አልጻፈም፤ «ኢትዮጵያውያን የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም» ተባለ። አንድ የሲያትል ምግብ ቤት አስተናጋጆቹ ሁሉ በየዓመቱ ጥለውት ቢሄዱ፣ «የሲያትል ሕዝብ ሰነፍ ነው» ብሎ የሚደመድም ባለሙያ ይኖራል?

በፓርኩ ውስጥ ከእስያ የመጡ ተቆጣጣሪዎችም ነበሩ፤ ደመወዛቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አልነበረም። ሙያ ያለው ሰው ዋጋ ማግኘቱን አልቃወምም። ግራ የሚገባኝ፣ የውጭውን ሰው ለማቆየት ቤት፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ጥሩ ደመወዝ እንደሚያስፈልግ የገባው አሠሪ፣ ያገሩን ልጅ ለማቆየትም አንድ ነገር እንደሚያስፈልግ እንዴት እንዳልታየው ነው።

ስለ ሴት ሠራተኛ ሌላ የማይነገር ሒሳብ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቷል። ድንቅ ሕግ ነው። ወጪውን ግን የጣለው ሙሉ በሙሉ በዚያው በቀጠራት አሠሪ ላይ ነው። ስለዚህ ስግብግቡ አሠሪ የሚያስበው ቀላል ነው፤ ልትወልድ የምትችል ሴት ውድ ናት፣ ስለዚህ አልቀጥራትም፤ ወይም በአጭር ኮንትራት እቀጥርና ሆዷ ሲገፋ አላድስላትም። ሕጉ የሰጣትን መብት ዋጋዋ አደረገባት። በዋሽንግተን ስቴት ከጥር 2020 ጀምሮ የወላድ ፈቃድ የሚከፈለው ሁሉም በትንሽ በትንሹ ከሚያዋጣበት የጋራ ቋት ነው፤ ሠራተኛዋ ብትወልድ አሠሪዋ የዚያን ወር ደመወዝ ከኪሱ አያወጣም። እድርን ለፈጠረ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሐሳብ ነው? ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለልደት ማዋጣት ያቅተናል?

ያው ዐዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን ሲከበር የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አሁንም የደመወዝ ወለል ይወሰን እያለ ይለምን ነበር። ስድስት ዓመት! ቦርድ ለማቋቋም ስድስት ዓመት ያልበቃው መንግሥት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን በገበያ ለማንሳፈፍ አንድ ሌሊት በቅቶታል። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. 2024 ሳያልቅ ከ120 ብር በላይ ወጣ። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ለውጭ አሠሪው 52 ዶላር ገደማ ያስወጣው የነበረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 24 ዶላር ገደማ ሆነለት። ከሠራተኛው ደመወዝ አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ዘይቱና ጤፉ ደግሞ ወደ ላይ።

በከተማው ያለው ዘዴ ከሲያትሉ ጋር ወንድማማች ነው። ባንኩ ዘበኛውንና ጽዳቷን ራሱ አይቀጥርም፤ ኤጀንሲ ይቀጥራል። ባንኩ በነፍስ ወከፍ የሚከፍለው አንድ፣ ዘበኛው እጅ የሚገባው ሌላ፤ ልዩነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አሠሪው ለጡረታ 11 በመቶ መጨመር ሲኖርበት፣ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ዓመታት የሚሠራው ግን ጡረታም ስንብትም የለውም። እኔ ራሴ በአዲስ አበባ የግል ጋዜጦች ዘመን ይህን ቀምሼዋለሁ። ቋሚው ዘጋቢ ደመወዝተኛ፣ እኔ በጽሑፍ ቁጥር ተከፋይ። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዜና ላይ እንሠራለን፤ ስንከሰስ ግን ክሱ አንድ ዓይነት ነበር። በዚያ ላይ ልዩነት አልተደረገብንም።

ራሱ መንግሥትስ እንደ አሠሪ ምን ይመስላል? በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞችና ነርሶች «በዚህ ደመወዝ ቤት ኪራይ መክፈል አልቻልንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ የተሰጣቸው መልስ እስር ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ወደ 6,000፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ወደ 11,500 ብር ከፍ ተደረገ። ጭማሪው ተገቢ ነው። ግን ሊጨመር የሚችል ከነበረ፣ የጠየቁት ለምን ታሰሩ?

እስካሁን ያልሁትን ብዙዎቻችሁ እያጨበጨባችሁ እንዳነበባችሁት እገምታለሁ። አሁን የማታጨበጭቡበትን ልናገር፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆንብኝ።

በዚህ በሲያትል፣ በእኛው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ውስጥ፣ ቼክ የማያዩ ስንት ሠራተኞች አሉ? አዲስ የመጣችው ልጅ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት እንጀራ ትጋግራለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጥቂት ኖት በፖስታ ይሰጣታል። «ዘመድ ናት፣ እያገዝናት ነው» ይባላል። ወረቀት የሌላት ከሆነች ደግሞ ዋጋዋ ከዚያም ይወርዳል። ባለቤቱ የእሑድ ዕለት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ለብሶ ስለ ሰብአዊ መብት ይጮኻል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ በእንዲህ ያለ ኩሽና ውስጥ በሰዓት ከሕጉ በታች እየተከፈለኝ ሠርቻለሁ። አንድ ምሽት የፈላ ዘይት ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ሆስፒታል ሲጠይቁኝ «ቤቴ ነው የተቃጠልሁት» እንድል ተነገረኝ፤ አልሁም። ሒሳቡ በስሜ መጣ። ሁለት ዓመት ከፈልሁት። የባለቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ለሠርጌም ዶሮ ወጥ አሠርቶ መጥቷል። ነገር ግን የኩሽናውን ርካሽነት የከፈልሁት እኔ ነኝ።

የባለቤቶቹን ጭንቀት አላውቅም አይባልም። በሲያትል ለትናንሽ ድርጅቶች የተፈቀደው ዝቅ ያለ ክፍያ፣ በ2024 17 ዶላር ከ25 ሳንቲም የነበረው፣ በጥር 2025 ቀርቶ ሁሉም እኩል 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም እንዲከፍል ሲደረግ፣ በአንድ ሌሊት በሰዓት 3 ዶላር ከ51 ሳንቲም ተጨመረባቸው። የስጋ ዋጋ፣ የኪራይ ዋጋ፣ የጤፍ ዋጋ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሐቀኛው ባለቤት ይህን ሁሉ ሲሸከም፣ ጎረቤቱ በፖስታ እየከፈለ የበየዓይነቱን ዋጋ ሦስት ዶላር ቀንሶ ደንበኛውን ይወስድበታል። እኛም ርካሹን እንመርጣለን። ያችን ሦስት ዶላር ያተረፍናት ከእንጀራ ጋጋሪዋ መሆኑን ግን አንጠይቅም።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የሚጠቅመኝን ነገር አሁን ለሚያነብ ሁሉ ልንገር። በዋሽንግተን ስቴት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ፣ አሠሪው መድኑን ባይከፍልም፣ እሱም የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረው፣ የሕክምናና የካሳ ጥያቄ የማቅረብ መብት አለው። ጥያቄው ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ ለማስከፈል ለስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት ሦስት ዓመት ጊዜ አለ። ከተማው ውስጥ ለሚሠሩ የሲያትል የሠራተኛ ደንቦች ቢሮም አለ፤ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። የሠራችሁባቸውን ቀናትና ሰዓታት በደብተርም ሆነ በስልካችሁ መዝግባችሁ ያዙ፤ በእጃችሁ ያለ ማስረጃ እሱ ነው። አገር ቤት ያላችሁም በየወሩ የጡረታ መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉን ጠይቁ፤ ከደመወዝ ተቆርጦ መንገድ ላይ የቀረ መዋጮ ያለበት ሰው አንድ ብቻ አይደለም።

ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት ላቃተው ሰው እኔ እሞላለታለሁ። ዋጋ አልጠይቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ የማታውቁኝም በዚህ ገጽ አዘጋጆች በኩል ልታገኙኝ ትችላላችሁ። የቀድሞው አሠሪዬ ኩሽና ውስጥ ያሉትንም ጨምሮ።